ጎንደር ላይ ያለ ከሰልና ያለ ጄኔሬተር መኖር፦ ሙቅ ውኃ፣ ምጣድና መብራት ደረጃ በደረጃ

የጥምቀት ሰሞን ነበር። ቤታችን ከሩቅ በመጡ ዘመዶች ሞልቷል። የጥር ጠዋት ደግሞ ጎንደር ላይ እንዴት እንደሚቆረጥም ታውቃላችሁ። አንዱ እንግዳ ሊታጠብ ብሎ የዋናውን ቤት ቦይለር አበራ። ሌላው የሰርቪሱን አበራ። እናቴ ጓዳ ውስጥ ምጣዷን ጥዳለች። ብሬከሩ ቀጭ አለና ቤቱ ዝም አለ። መለስኩት፤ ወረደ። ሦስተኛ ጊዜ ስመልሰው የምጣዱ ሶኬት ይሸት ጀመር። ወጡም፣ ቡናውም፣ የመታጠቢያው ውኃም ወደ ከሰል ዞረ። ማታ የሰፈሩ መብራት ጠፋና ጄኔሬተር አስነሳን። ልጆቹ በጭስና በጩኸት መሃል ተኙ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱን ቀስ በቀስ ለወጥነው። አንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ከፍዬበታለሁ። እናንተ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትከፍሉ ነው ይህን የምጽፈው።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ቤት ውስጥ ሦስት ሥራ አለ፦ ውኃ ማሞቅ፣ ማብሰልና መብራት ሲጠፋ መቆየት። ሦስቱን በአንድ ዕቃ ልወጣቸው ያለ ሰው ገንዘቡ ያልቃል። ውኃውን ለፀሐይ ስጡ። ምጣዱን ለመብራት ኃይል መስመሩ ስጡ። አምፖሉንና ፍሪጁን ለባትሪ ስጡ። 

ለምን ምጣዱን ለመስመሩ? የሀገራችን ኤሌክትሪክ ከአሥር እጅ ዘጠኙ በላይ ከውኃ ኃይል ነው። የጣና በለሱ 460 ሜጋዋት የሚመነጨው ከዚሁ ከጎረቤታችን ከጣና በሚወጣ ውኃ ነው። ተከዜ 300 ሜጋዋት አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ደግሞ የ5,150 ሜጋዋት አቅም አለው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የተጋገረ እንጀራ ካርቦኑ እጅግ ትንሽ ነው። ከባቢውንም ሳንባችንንም የሚጎዳው ከሰሉ፣ እንጨቱና ናፍጣው ነው። አንድ ኪሎ ከሰል በባህላዊው መንገድ ለማክሰል ቢያንስ አምስት ኪሎ እንጨት ይጠፋል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ይበልጣል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

መጀመሪያ፦ ቤታችሁ የሚበላውን ጻፉ

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። ብዙ ሰው ሶላር ሲገዛ የሚያለቅሰው ድስቱን ከጣደ በኋላ ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ደብተር ያዙ።

ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። አንድ ቁጥር ማለት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 1,000 ዋት ያለው ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚበላው ማለት ነው። እንጀራ የተጋገረበትን ቀን፣ ልብስ የተተኮሰበትን ቀን ለዩ። የከሰሉንም አትርሱ። አንድ ማዳበሪያ የተከፈተበትንና ያለቀበትን ቀን ጻፉ። ጄኔሬተር ካላችሁ የነዳጁን ሊትር መዝግቡ።

ቀጥሎ በየዕቃው ጀርባ ያለውን ዋት አንብቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ነው። ቦይለር ከ1,500 እስከ 2,000። ካውያ ከ1,000 በላይ። ኤል ኢ ዲ አምፖል ግን 9 ዋት ብቻ። አንድ ምጣድ ከ400 አምፖል ጋር እኩል መሆኑን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ባትሪና ምጣድ እንደማይገናኙ ያን ቀን ወሰንኩ።

በ220 ቮልት 3,800 ዋት ያለው ምጣድ 17 አምፒር ገደማ ይስባል። አንድ 2,000 ዋት ቦይለር 9 አምፒር። ሁለት ቦይለርና ምጣድ አንድ ላይ 35 አምፒር ሆኑ። የጥምቀቱ ጠዋት ብሬከር ጥፋተኛ አልነበረም፤ ሥራውን ነው የሠራው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማታ ማታ «ምጣዱ አልግል አለ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ምጣዱ ተበላሽቶ አይደለም። ቮልቱ ወርዶ ነው። ማሞቂያ ሽቦ ኃይሉ ከቮልቱ ጋር በካሬ ነው የሚቀንሰው። 220 የነበረው 180 ከሆነ ኃይሉ በአንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ምድጃ በሚያበራበት ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ምጣድ አለመጣድ የመጀመሪያው ነፃ መፍትሔ ነው።

ሁለተኛ፦ የቤቱን ሙቀት አታስወጡ

ጎንደር ላይ ቤት የሚያሞቅ ማሽን መግዛት አያስፈልግም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ ቀኑ ግን ፀሐይ ነው። ያን የቀን ሙቀት ማታ ድረስ ማቆየት ብቻ ነው የሚፈለገው። ደባርቅ ወይም ዳባት ዘመድ ያለው ሰው የእውነተኛውን ብርድ ልዩነት ያውቀዋል።

ፋሲል ግቢ ቀትር ላይ ገብታችሁ ግንቡን በእጃችሁ ዳስሳችሁ ታውቃላችሁ? ውጭ ፀሐይ ያቃጥላል፤ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። ወፍራም ድንጋይና ኖራ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎ ይመልሳል። የኛ የብሎኬት ግድግዳ ግን ስስ ነው። ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ሙቀቱ በቆርቆሮው በኩል ይሸሻል። ስለዚህ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ኮርኒስ ላይ አውሉት። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ኮርኒስ ይግባለት። ያለው ደግሞ ከላዩ የመስታወት ሱፍ ይነጠፍበት። በእሳት አይያያዝም። በቆርቆሮውና በግድግዳው መሃል ያለውን ክፍተት ድፈኑ። የበሩን ሥር ዝጉ። ወፍራም መጋረጃ አድርጉና ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ዝጉት። በደቡብና በምዕራብ ያለውን የመስኮት መጋረጃ ግን ቀን ቀን ለፀሐይዋ ክፈቱላት። ቀሪውን ጋቢ ይሠራዋል።

ከሰል ይዞ መኝታ ቤት መግባት ግን ፈጽሞ አይሁን። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፤ አይሸትም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የሚያታልለው ደግሞ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው። ፍሙ ቀልቶ፣ ቤቱ ሞቆ፣ ሰው «አሁንማ ነዶ አልቋል» ብሎ በሩን ዘግቶ የሚተኛበት ሰዓት ነው ገዳዩ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ካያችሁ ሰውየውን ወደ ውጭ አየር አውጡትና ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ሦስተኛ፦ ሙቅ ውኃውን ለፀሐይ ስጡ

እዚህ ላይ እንቆይ። ከሁሉ የሚያተርፈው ይኸኛው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ሙቅ ውኃ ያዙ፤ ከቀዝቃዛ ጋር ተቀላቅሎ በቂ ነው። አምስት ሰው ካለ 200 ሊትር። ከ18 ዲግሪ ወደ 55 ለማድረስ 8.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ምጣድ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጥዶ ከሚበላው ይበልጣል፤ ያውም በየቀኑ። ይህን ሸክም ከቆጣሪው ላይ ስታነሱት ብሬከሩም ያርፋል፣ ክፍያውም ይወርዳል። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አብሮ የሚጨምር በመሆኑ፣ መጀመሪያ የምትቀንሱት ውድ ውዱን ነው።

«ሶላር ፓኔል ገዝቼ በኤሌክትሪኩ ቦይለሩን ባስነሳስ?» የሚል ብዙ ነው። አይሁን። ፓኔል ከሚያርፍበት ብርሃን አንድ አምስተኛ ያህሉን ነው ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው። የሶላር ውኃ ማሞቂያ ግን ግማሽ ያህሉን በቀጥታ ወደ ውኃው ያስገባል፤ ባትሪም፣ የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ኢንቨርተርም አይፈልግም።

ሁለት ዓይነት ገበያ ላይ አለ። አንዱ ጠፍጣፋው ነው፤ በመስታወት የተሸፈነ ጥቁር ሰሌዳና የመዳብ ቧንቧ ያለው። ሌላው በተርታ የተደረደሩ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት ነው። ባለ ቱቦው ይረክሳል፤ በደመና ቀንም ሻል ይላል። ጠፍጣፋው ይጠነክራል። ጎንደር ከተማ ውኃ ቧንቧ ውስጥ በረዶ ስለማይሠራ የጠፍጣፋው ትልቁ ድክመት እኛን አይመለከተንም። ውኃ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ፣ አቅም ካላችሁ ጠፍጣፋውን ምረጡ። ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ቦታውን ምረጡ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማያርፍበት ይሁን። የጎረቤት ሮቶ፣ ባሕር ዛፍ፣ ፎቅ ጥላው የት እንደሚደርስ በዓይናችሁ እዩ። ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሩት።

ክብደቱን አስቡ። 200 ሊትር ውኃ ብቻውን ሁለት ኩንታል ነው። ከታንከሩና ከብረቱ ጋር ወደ ሦስት ኩንታል ይጠጋል። በባሕር ዛፍ ማገር ላይ የቆመ ቆርቆሮ ይህን አይሸከምም። ግድግዳ ወይም ኮለን ላይ የሚያርፍ የብረት መቆሚያ አሠሩ። እኛ ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ ባለችው ትንሽ ሶሌታ ላይ አስቀመጥነው። ቧንቧውም አጠረ።

ከዚያ የቀዝቃዛው ውኃ ሮቶ ከሶላሩ ታንከር በላይ መሆኑን አረጋግጡ። የሮቶው ሥር ከሶላሩ ታንከር አናት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል። ካልሆነ ውኃው አይወጣም፤ ሻወሩም ይንጠባጠባል። የውኃ መስመሩን ግፊት ተማምናችሁ በቀጥታ አትግጠሙት። መስመሩ ሲመጣ ይገፋል፣ ሲሄድ ባዶ ያስቀራል። ግፊት የማይችለው ዓይነት ታንከር ደግሞ ሊያብጥ ይችላል።

የሙቁን መስመር ለሙቅ ውኃ በተሠራው ፒፒአር በሚባል የፕላስቲክ ቧንቧ ወይም በብረት ቧንቧ አስዘርጉ። ተራው የፕላስቲክ ቧንቧ በሙቀት ይለሰልሳል። ከታንከሩ የሚወጣው የመጀመሪያው ሜትር ብረት ይሁን፤ በጠራ ቀን ውኃው ሊፈላ ይችላልና። ውጭ ያለውን ቧንቧ በሙሉ በስፖንጅ መሸፈኛ ጠቅልሉት። ይህን ስፖንጅ ያላስገባ ሠራተኛ ሥራውን አልጨረሰም። ከታንከሩ አናት ላይ የምትወጣው መተንፈሻ ደግሞ በፍጹም አትደፈን። «ትንሽ ውኃ ትተፋለች» ብሎ በእንጨት የወተፋት ሰው ታንከሩን ነው የሚያፈነዳው።

አሁን የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። የገጠምነው ባለ 20 ቱቦውን ነው። አንድ ሰሞን ሰፈራችን ውኃ አራት ቀን ጠፋ። ሮቶው አለቀ፤ ሶላሩም ባዶ ሆነ። አምስተኛው ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ውኃ መጣ። ደስ ብሎኝ መዝጊያውን ከፈትኩ። ከላይ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ። ሦስት ቱቦ ተሰነጠቀ። ባዶ ቱቦ በፀሐይ ውስጡ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት መስታወቱ አይችልም። የሸጠልኝ ሰው ይህን አንድ ቃል ቢነግረኝ ኖሮ ሦስቱም ዛሬ ድረስ ይሠሩ ነበር።

ስለዚህ ውኃ ጠፍቶ ከነበረ ሶላሩን የምትሞሉት ጎህ ሳይቀድ ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። መጠበቅ ካልቻላችሁ ቱቦዎቹን በጆንያ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑና ሁለት ሦስት ሰዓት ቆዩ። ከሮቶው ወደ ሶላሩ በሚሄደው መስመር ላይ ለብቻው መዝጊያ አስደርጉ። እኛ መዝጊያው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረንበታል። ቤት ያለ ሰው ሁሉ ቀይዋ በቀን እንደማትነካ ያውቃል።

ቱቦ ስትገዙ ጫፏን እዩ። ታችኛው ጫፍ ላይ እንደ ብር መስታወት የሚያበራ ቀለም አለ። ያ ቀለም ነጭ፣ ወተት የመሰለ ከሆነ ቫኪዩሙ፣ ማለትም በድርብ መስታወቱ መሃል ያለው አየር አልባ ክፍተት፣ አየር ገብቶበታል፤ ያቺ ቱቦ ሙቀት አትይዝም። ሱቁ ውስጥ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ተመልከቱ። ሁለት መጠባበቂያም ግዙ።

ክረምትስ? ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ደመናው ሳይገለጥ የሚውልበት ቀን አለ። ውኃው ለብ ይላል እንጂ አይሞቅም። ለዚያ ታንከሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ አስገቡ፤ ወይም የድሮውን ቦይለር ከሶላሩ ቀጥሎ አስቀምጡት። 35 ዲግሪ ሆኖ የመጣውን ውኃ ወደ 50 ማድረስ ከ18 ከመነሳት በጣም ያንሳል። ማብሪያው ግን በእጅ የሚበራ ይሁን። በራሱ የሚበራ ከሆነ ፀሐይ ሳትወጣ ሌሊቱን ያሞቅላችሁና ለፀሐይዋ ሥራ አይተርፋትም። በሳምንት አንድ ጊዜ ግን ውኃው ከ60 ዲግሪ ይለፍ፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል።

በታንከሩ ውስጥ ያለችውን የማግኒዚየም ዘንግ በየዓመቱ አስወጥታችሁ እዩ። እሷ እየተበላች ታንከሩን ከዝገት ትጠብቃለች። ስትሳሳ ቀይሯት።

ለእንግዳ ማረፊያና ለሆቴል ባለቤቶች አንድ ቃል። ጣሪያው ለ30 ክፍል ሶላር ካልበቃ ሂት ፓምፕ የሚባለውን ጠይቁ። ፍሪጅ ሙቀትን ከውስጡ አውጥቶ በጀርባው እንደሚጥል ሁሉ፣ ይህም የውጭውን አየር ሙቀት ወስዶ ወደ ውኃው ያስገባል። በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ያህል የሙቀት ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። የጎንደር የቀን አየር ይመቸዋል። ቀን ቀን እንዲሠራ አድርጉት።

አራተኛ፦ ጓዳው

ምጣዱ የራሱ መስመር ይኑረው። ከቦርዱ በቀጥታ የሚመጣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ 25 አምፒር ብሬከር፣ ጥሩ የከባድ ዕቃ ሶኬት። የኛን አሮጌ ሶኬት ስነቅለው የአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ እንደተጠበሰ ዳቦ ቡናማ ሆኖ ነበር። ሶኬታችሁን ዛሬ ነቅላችሁ እዩት። ቡናማ ካያችሁ ለነገ አትበሉ። የመሬት ሽቦውም በእርግጥ መሬት የያዘ ይሁን። ምጣድ ዙሪያው ቆርቆሮ ነው፤ እጅ ደግሞ ሊጥ ነው፤ ሊጥ ውኃ ነው።

ምጣድ ስታሠሩ ከሽቦው ሥር ሙቀት የሚከለክል ነገር መሞላቱን ጠይቁ። ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ወለሉ ይሄዳል። ሲጋገር እጃችሁን ከሥሩ አስጠጉና እዩ፤ የሚያቃጥል ከሆነ የምትከፍሉት ወለሉን ለማሞቅ ነው። አከንባሎው በደንብ ይግጠም። ሲጋገር አንዴ በተሰማ ምጣድ ሳያቋርጡ መጨረስ ነው። በሦስት ቀን አንዴ ብዙ መጋገር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር በጣም ይቆጥባል፤ ምጣዱን ለማጋል የሚጠፋው ኃይል አንድ ጊዜ ብቻ ነውና። እናቴ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ ምጣዱን አጥፍታ ነው የምታወጣቸው። ሸክላው የያዘው ሙቀት ይበቃቸዋል።

ወጥና ጥራጥሬ ላይ የከፍታው ነገር አለ። እኛ ዘንድ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ የሚያስቸግሩን ለዚህ ነው። የግፊት ድስት ይህን ይፈታዋል፤ የማብሰያውን ሰዓት በግማሽና ከዚያም በላይ ያሳጥራል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የግፊት ድስት ካገኛችሁ ደግሞ 1,000 ዋት አካባቢ ብቻ ነው።

ቡናው ላይ አስተያየቴን ልናገር። ለጀበናና ለዕጣን የምትሆን አንድ እፍኝ ፍም የቤት ክብር ናት፤ እሷን ከቤታችን አላስወጣንም። ግን «ላቀች» በምትባለው የተሻሻለች የከሰል ምድጃ ላይ ትሁን፤ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ በሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። መስኮትም ክፍት ይሁን። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ለእንጀራ «ምርጥ» የሚባለውን የእንጨት ምድጃ ጓሮ አስቀምጡ። ከሦስት ጉልቻ አንጻር እንጨቱን በግማሽ ይቀንሳል። ከከተማው ወጣ ብላችሁ፣ በአዘዞ ዳር ወይም ከዚያ አልፋችሁ፣ አራት ከብትና ከዚያ በላይ ካላችሁ ባዮጋዝ አስቡበት። እበቱ ጋዝ ይሰጣል፤ ተረፉ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል።

አምስተኛ፦ ለመብራት ጥፋት ፓኔልና ባትሪ

እዚህ ስትደርሱ ሸክሙ ቀልሏል። ውኃው በፀሐይ፣ ምጣዱ በመስመር ነው። ባትሪው የሚይዘው የቀረውን ብቻ ነው። የኛን ልቁጠርላችሁ። ስምንት አምፖል ባለ 9 ዋት ለ5 ሰዓት 360 ዋት ሰዓት። ቴሌቪዥን 80 ዋት ለ5 ሰዓት 400። ዋይፋይ 10 ዋት ሌሊትና ቀን 240። ፍሪጅ በቀን 1,000። ላፕቶፕ 240። ስልኮች 50። ድምሩ 2,290 ዋት ሰዓት በቀን።

ጎንደር ጥሩ ፀሐይ አላት። በበጋ በቀን ከ5 ሰዓት በላይ ሙሉ ፀሐይ ይያዛል። እናንተ ግን በክረምቱ ልክ መጥኑ፤ 3.5 ሰዓት ያዙ። በሽቦ፣ በሙቀትና በኢንቨርተር አንድ አራተኛው ይጠፋል። 2,290 ለ3.5 ሲካፈል፣ እንደገና ለ0.75 ሲካፈል፣ 870 ዋት ገደማ ይመጣል። ባለ 450 ዋት ሁለት ፓኔል በቃ። ስምንት ፓኔል ካልገዛህ የሚላችሁን ነጋዴ ይህን ስሌት አሳዩት።

ባትሪው ሌሊቱን ማሳለፍ አለበት። ሌሊት የምንጠቀመው 1,430 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 24 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 2,500 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ሰማንያ በመቶውን ብንጠቀም ይበቃናል፤ ይተርፋልም። የአሲድ ባትሪ ሲገዛ ይረክሳል። ነገር ግን ከግማሹ በታች ካወረዳችሁት ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ እጥፍ መግዛት ነው። ሊቲየሙ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይሞላል፣ ይወርዳል። የሁለቱን ዋጋ በዓመት አካፍላችሁ አወዳድሩ። አሲዱን ከመረጣችሁ አየር በሚገባበት ቦታ ይቀመጥ፤ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና።

ኢንቨርተሩ ፑር ሳይን ዌቭ የሚባለው፣ እንደ መስመሩ ለስላሳ ሞገድ የሚሰጠው ይሁን፤ የፍሪጅ ሞተር በሌላኛው ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። 2,000 ወይም 3,000 ዋት በቂ ነው። ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ለዚያ ነው ትርፉ።

ፓኔሉን ወደ ደቡብ አዙሩና ከ12 እስከ 15 ዲግሪ አጋድሉት። ከዚያ በታች ጠፍጣፋ ከሆነ ዝናቡ አቧራውን አያጥበውም። ቤታችሁ ጣሪያው ወደ ሰሜን ብቻ ቢያጋድልስ? አትዘኑ። ጎንደር በሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች። ግድግዳችሁ ላይ ጥላው ወደየት እንደሚወድቅ በሰኔ ተመልከቱ። በጣም ያልተጋደለ የሰሜን ጣሪያ ላይ የሚጠፋው ትንሽ ነው። ጥላ ግን አታስጠጉ። የአንድ ምሰሶ ጥላ የአንዱን ፓኔል ጥግ ሲነካ አብረውት የተሳሰሩትን ሁሉ ያዳክማል።

ከቆርቆሮው በላይ አራት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ፤ አየር ይለፍበት። ፓኔል ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል። ብሎኑ ቆርቆሮውን ብቻ ሳይሆን ማገሩን ይያዝ፤ የሚያዝያ ነፋስ ቀልድ አያውቅም። በቆርቆሮው ማዕበል አናት ላይ ይበሳ እንጂ በሸለቆው አይሁን፤ አለዚያ በመጀመሪያው ዝናብ ኮርኒሱ ይበሰብሳል።

የሽቦው ሥራ የባለሙያ ነው። እናንተ ግን ሦስት ነገር ተቆጣጠሩ። አንደኛ፣ ባትሪው የሚይዛቸው ዕቃዎች ለብቻቸው ቦርድ ይኑራቸው። ምጣድ፣ ቦይለርና ካውያ ከዚያ ቦርድ ጋር ምንም ግንኙነት አይኑራቸው። ሁለተኛ፣ የመብረቅ መከላከያ በፓኔሉም በመስመሩም በኩል ይግባ፤ የመሬት ዘንጉም በደንብ ይተከል። የኛ ክረምት መብረቁ ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ የመስመሩና የኢንቨርተሩ ኤሌክትሪክ በምንም መንገድ እንዳይገናኝ መቀያየሪያ ይኑር። መብራት በጠፋ ሰዓት የእናንተ ኃይል ወደ ውጭ ከወጣ ፖል ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል።

ጄኔሬተር ያላችሁ አትሽጡት፤ ለረጅም ጥፋት ይቀመጥ። ግን በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ከተጻፈበት ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን እንደሚያጣ እወቁ። አምስት ኪሎዋት የሚለው አራት ነው። እሱም ቢሆን በክረምት ባትሪ ለመሙላት ለአንድ ሁለት ሰዓት ይሥራ እንጂ ለሦስት አምፖል ሌሊቱን ሙሉ አይንጫጫ።

መቼ ልጀምር?

ኮርኒሱንና የበሩን ክፍተት አሁን። የምጣዱን መስመርና ሶኬት በዚህ ወር። የሶላር ውኃ ማሞቂያውን መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ፤ ጣሪያው ደርቋል፣ ፀሐይዋም ወጥታለች፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ትደርሳላችሁ። ፓኔሉንና ባትሪውን በመጨረሻ። ገንዘቡ ከአንዱ በላይ ካልሆነ ውኃውን አስቀድሙ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ትንሽ ነው። በበጋ በየወሩ ፓኔሉንና ቱቦዎቹን በማለዳ፣ ሳይግሉ፣ በጨርቅና በንጹሕ ውኃ ማጠብ። ሳሙናም አሸዋም አይነካቸው። በረዶ ከጣለ በኋላ አንድ በአንድ ማየት። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ብሎኖቹን ማጥበቅና የመሬት ሽቦውን መመልከት። ደብተሩንም አትጣሉት። የዚህን ጥር ገጽ ካምናው ጥር ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጡና ቁጥሮቹን አስተያዩ። የቱ ዕቃ ቀጥሎ መለወጥ እንዳለበት እሱ ይነግራችኋል።